ለሰማይዋ ላም ጥብቅና

ሰው የማይጨበጥ ነገር ሲያወራብን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለን እንዘጋዋለን። ተረቱ አጭር ነው፣ ፍርዱም ቁርጥ ያለ ነው፤ የማትታለብ ላም ላም አይደለችም። በዚህም አናበቃም። የማይሆነውን የሚመኝ ሰው የሕልም እንጀራ በላ ይባላል። ሐሳቡ የራቀበት ተማሪ «በቀን ትቃዣለህ እንዴ?» ተብሎ ይገሠጻል። አንድን ወሬ ሐሰት ለማለት ደግሞ «ፈጠራ ነው» ማለት ይበቃል። ቋንቋችን ምናብን ሲጠራው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተከሳሽ ነው፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ ለተከሳሹ መቆም እፈልጋለሁ። ክሱ ከነአካቴው ሐሰት ነው አልልም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ግን ላሟን ሰማይ ላይ ያወጣት ማን ነው? ተራቹ ራሱ ነው። የሌለ ነገር መያዝን ለመንቀፍ እንኳ የሌለች ላም መፍጠር ግድ ሆነበት፤ ሰሚውም ምንም ሳይደናገር ላሟን ከነጡቷ አያት። ሁለት ሰዎች በሌለች ላም ተግባቡ ማለት ነው። ሰውን ከሌላው ፍጥረት የለየው ይህ ይመስለኛል፤ ፊቱ የሌለውን ነገር ከሌላ ሰው ጋር አብሮ መያዝ መቻሉ።

ማስረጃውን ከአገር ቤት እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1997 በአፋር፣ በመካከለኛው አዋሽ፣ ሄርቶ ከሚባለው መንደር አጠገብ የሦስት ሰዎች የራስ ቅል ተገኘ። ዶክተር ብርሃኔ አስፋውና ቲም ኋይት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 ይፋ ባደረጉት ጥናት ቅሎቹ ወደ 160,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አላቸው፤ መጠሪያቸው «ኢዳልቱ» የተወሰደውም ከአፋርኛ ነው፣ ታላቅ፣ ሽማግሌ እንደማለት። ሁለቱ የአዋቂ ናቸው። ሦስተኛው የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ የእኔም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የልጁ ቅል ላይ ሥጋው በስለታም ድንጋይ ሲነሣ የቀረ ጭረት ይታያል። ጠርዙና ጎኑ ደግሞ ለስልሶ ወዝ ይዟል። አሮጌ መቋሚያ መያዣው ላይ እንዴት እንደሚያበራ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ዕንጨቱን ያለሰለሰው መላጊያ ሳይሆን የዓመታት መዳፍ ነው። የሄርቶ ሰዎች ሥጋ መበለት ያውቁበት ነበር፤ በዚያው አካባቢ በድንጋይ መሣሪያ የተቆራረጠ የጉማሬ አጥንት ተገኝቷል። የልጁ ቅል ላይ ያለው ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ አጥኚዎቹም ከሞት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም ብለው ነው የተረጎሙት። ሰዎቹ ቅሉን አጽድተው አስቀምጠውታል፣ ደጋግመውም ይዘውታል።

ያ ወዝ በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም፤ የአንድ ሰው እጅ ሥራ ብቻም አይመስልም። ቅሉን የያዘ ሰው መዳፉ ላይ ያለው አጥንት ነው፤ የያዘበት ምክንያት ግን አጥንቱ ውስጥ የለም። ምክንያቱ ልጁ ነው፤ ልጁም የለም። በነገራችን ላይ ምናብን ከዚህ እጅግ አርቆ የሚጀምር ሰው አይሳሳትም። እዚያው አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ይሆናቸዋል፣ ከድንጋይ ውስጥ ስለት የሚያይ ዓይንም የሌለውን የሚያይ ዓይን ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ድንጋዩ ሲፈለጥ ስለቱ ይወጣል፤ የታሰበው ተጨባጭ ሆኖ ሥጋ ይቆርጣል። ልጁ ግን ቅሉ ምንም ያህል ቢታሽ ተመልሶ አይመጣም፤ የያዙትም ሰዎች ይህን የሚያውቁ ይመስለኛል። እያወቁ ያዙት። ወተት እንደማይገኝ እያወቁ ላሟን አለመልቀቅ ማለት ነው። ሞኝነት የምንለው ይህ ነገር ከ160,000 ዓመት በፊት አጥንት ላይ ምልክት ትቷል።

የአንጎል ሳይንስ በሌላ በር ገብቶ እዚሁ ሠፈር ደርሷል። ኬ.ሲ. በሚል ምሕፃረ ስም የሚታወቅ አንድ ካናዳዊ በ1981 በሞተር ሳይክል አደጋ አንጎሉ ክፉኛ ተጎዳ። ዕውቀቱ አልጠፋም፤ ይናገራል፣ ያነባል፣ ቼዝ ይጫወታል። የጠፋው የራሱ ትናንት ነው፤ በሕይወቱ የደረሰበትን ነገር እንደ ገጠመኝ መልሶ ማየት አይችልም። ኤንደል ቱልቪንግ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ስለ ነገው ሲጠይቀው ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ወጣ፤ ነገም አብሮ ጠፍቶበታል። ስለ ትናንቱም ሆነ ስለ ነገው ሲጠየቅ የሚያገኘው ያው ባዶነት ነው። በ2007 ደግሞ ለንደን ውስጥ ዴሚስ ሃሳቢስና ኤሊኖር ማጓየር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍላቸው የተጎዳ አምስት ሰዎችን አጠኑ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ነጭ አሸዋ ባለበት ባሕር ዳርቻ ተጋድማችኋል እንበል፣ ምን ይታያችኋል? አብዛኞቹ ቁርጥራጭ ነገር ይናገራሉ፤ ቁርጥራጩ ግን ተገጣጥሞ ሰው የሚጋደምበት ቦታ አይሆንላቸውም። ትዝታና ምናብ ከአንድ ጎተራ ይበላሉ ማለት ነው። ትናንትን የምናስታውሰውና ነገን የምንስለው በአንዱ ችሎታ ከሆነ፣ ምናብ የገጣሚና የሠዓሊ የግል ሀብት መሆኑ ይቀራል። ነገ ገበያ ምን እገዛለሁ ብላ የምታስብ እናት በዚያው ኃይል ነው የምትሠራው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዓይነ ልቡናቸው ጭራሽ ሥዕል የማይሥል ሰዎች አሉ። አዳም ዜማን የተባለ ሐኪም በ2015 አፋንታዥያ የሚል ስም አውጥቶለታል፣ የፒክሳር የካርቱን ፊልም ድርጅት መሥራቾች አንዱ ኤድ ካትመል ራሱ እንዲህ ነኝ ብሏል። ምናብ በአእምሮ ውስጥ የሚንጠለጠል ፎቶግራፍ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ያን ሁሉ ባልሠራ ነበር።

እንስሳትስ? የሚል ሰው ይኖራል፤ ልክ ነው፣ ይጠየቃል። ስዊድን ውስጥ በፉሩቪክ የእንስሳት ማቆያ የሚኖር ሳንቲኖ የተባለ ቺምፓንዚ ነበር። ጠዋት፣ ጎብኚ ሳይመጣ፣ በተረጋጋ መንፈስ ድንጋይ እየለቀመ ይከምራል፤ ኮንክሪቱንም እየመታ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን ይሰብራል። ጎብኚዎች ሲመጡ ያን ጊዜ በቁጣ ይወረውርባቸዋል። ይህ በ2009 በጥናት የተዘገበ ነው። ሳንቲኖ ገና ያልመጣን ሰው፣ ገና ያልመጣን ንዴት አስቀድሞ አይቷል ብል አላፍርም። ስለዚህ ድንበሩን የሌለውን ማየት ላይ ብቻ የሚያሰምር ሰው ይሸነፋል። ሳንቲኖ ግን የድንጋይ ክምሩን ለሌላ ቺምፓንዚ አውርሶ፣ «ይህ ለከሰዓቱ ነው» ብሎ አስማምቶ፣ ሌላው ደግሞ በአደራ ሲጠብቀው አልታየም። የነገው ጠላቱ በእሱው ራስ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። የአምስት ዓመት ሕፃናት እቃቃ ሲጫወቱ የሚያደርጉትን እንይ። አንዷ ጭቃ ጠፍጥፋ በጣሳ ክዳን ላይ ታሰፋና እንጀራ ነው ትላለች፤ ሌላው ቆርሶ እንደ ጎረሰ ያኝካል፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል ብሎም ይማረራል። ጭቃውን ግን አይውጠውም። ጨው የበዛበት የሌለ ወጥ ላይ ሁለቱ ተጨቃጭቀው ይታረቃሉ። ከዚህ የሚደርስ ሌላ ፍጥረት እስካሁን አላውቅም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከሆድ የሚመጣው ነው። ሰው እንጀራ ሳይኖረው ስለ ምናብ ማውራት ቅንጦት ነው፣ መጀመሪያ ይብላ፣ ከዚያ ያልማል ይባላል። ይህን የሚሉትን ሰዎች አከብራለሁ፤ ብዙዎቹ ረሃብን በወሬ የሚያውቁ አይደሉም። ነገር ግን ስለ ረሃብ ከገበሬ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ገበሬ የሚያደርገውን እንይ። ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲራቆት ለዘር ያስቀመጠው እህል አይነካም። ልጆቹ ፊቱ ናቸው፣ ዘሩም ፊቱ ነው፤ አዝመራው ግን በዓለም ላይ የትም የለም። በዚያን ሰዓት ለሌለው አዝመራ ሲል ያለውን እህል መንፈግ አለበት። «ዘሩንም በሉት» የሚባልበት ዘመን ሰው የማይረሳው ዘመን የሆነው ስለዚህ ነው፤ የተበላው ጤፍ ብቻ አይደለም፣ መጪው ዓመት ነው። ይህን በሌላ አገር እስከ ጫፉ የወሰዱት ሰዎች አሉ፣ ታሪካቸውም ከእኛ እርሻ ጋር ይገናኛል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴ፣ የገብስና የሌሎች ሰብሎች ዘር ሰብስቧል፤ አገራችንን ከዓለም የሰብል መነሻ ማዕከላት አንዷ ብሎ የመደባትም እሱ ነው። ከብዙ አገር የለቀመው ዘር ሌኒንግራድ በሚገኘው ተቋሙ ተቀመጠ። ከ1941 እስከ 1944 የጀርመን ጦር ከተማዋን ከብቦ ሕዝቧን ሲያስርብ፣ የዘር ክምችቱን የሚጠብቁት ሠራተኞች በሩዝ፣ በስንዴ፣ በበቆሎና በአተር ከረጢቶች መካከል ተቀምጠው በረሃብ ሞቱ። አንድና ሁለት አይደሉም። የሩዙ ክፍል ኃላፊ ሩዝ እየጠበቀ ሞተ። ቫቪሎቭ ራሱ ያን ጊዜ በስታሊን ዘመን እስር ላይ ነበር፤ በጥር 1943 ሳራቶቭ ወኅኒ ቤት ውስጥ አረፈ። እነዚህ ሰዎች የራባቸው ናቸው፣ እህሉም ነበራቸው። ያላዩትና የማያዩት ሰው ከጦርነቱ በኋላ ሲዘራ ታያቸው። ምናብ ከጠገቡ በኋላ የሚመጣ ነገር ከሆነ ይህን የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ።

እንዲህ ያለው ነገር የጀግና ብቻ እንዳይመስል ዕድርን ላንሣ። በወር አንድ እሑድ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ጸሐፊው መዝገቡን ይዘረጋል፣ ገንዘብ ያዡ ይቆጥራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ «ባለፈው ወር ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» ጭቅጭቅ ይነሣል። ግምጃ ቤቱ ውስጥ የተጠቀለለ ድንኳን፣ የተደራረበ አግዳሚ ወንበር፣ ጥላሸት የለበሰ ብረት ድስት፣ የዕድሩ ምልክት የተጻፈበት ሳሕን አለ። ይህ ሁሉ የተዘጋጀው ለማን ነው? ከተሰበሰቡት መካከል ላለ፣ አሁን ቡና እየጠጣ ለሚከራከር፣ ማንነቱ ለማይታወቅ ሟች ነው። ሁሉም የሚከፍለው ገና ላልሞተ ሰው ለቅሶ ነው፤ ግማሹ የሚከፍለው ደግሞ ራሱ ለማያየው ለራሱ ቀብር ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ሥርዓት ይዘው ተሻግረዋል፤ እዚያ የሚታሰበው ነገር ላይ አስከሬን አገር ቤት የሚያደርስ የአውሮፕላን ጭነት ወጪ ተጨምሮበታል። ዕድርን የምንጠቅሰው ብዙ ጊዜ ለመረዳዳት ምሳሌነት ነው። እርግጥ ነው። ነገር ግን መረዳዳቱ የቆመው ሁሉም አባል በአንድ ያልደረሰ ቀን ላይ በመስማማቱ ነው። ከሄርቶው ቅል ጋር ሳስተያየው ሥራው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ደረሰኝ መኖሩ ነው።

አሁን ወደ ክሱ እውነተኛ ክፍል ልምጣ፤ ምናብ ይገድላል። አርቲኤልኤም የተባለው የሩዋንዳ ሬዲዮ ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ይጠራቸው ነበር። በ1994 በመቶ ቀናት አካባቢ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጨፈጨፉ፣ ብዙዎቹም በጎረቤቶቻቸው እጅ። ጎረቤቱን ለዓመታት በዓይኑ ሲያይ የኖረ ሰው በዓይኑ ካየው ይልቅ በሌለው በረሮ አመነ። የሌለውን አብሮ የመያዝ ችሎታ ማለት ይህም ነው፤ እኔ ያመሰገንኩት ችሎታ ያው እሱ ነው፣ አልክድም። እኛም ዘንድ ሰውን በቅጽል ስም አውሬ አድርጎ መጥራት ከጀመርን ቆይተናል። ታዲያ መፍትሔው ምናብን መቀነስ ነው? ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የሚያገኘው የምናብ ብዛትን ሳይሆን ግማሽ ላይ መቆሙን ነው። አንድ ምስል ከሬዲዮ ተቀበሉ፣ እሱንም ደጋገሙት፤ ከዚያ ወዲያ ማሰብ ቆመ። በረሮ የተባለው ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ልጁ ምን ትለዋለች፣ በሩ ሲንኳኳ ምን ያስባል የሚለውን ማንም አልጠየቀም። አዳም ስሚዝ፣ ዛሬ በገበያ ሊቅነቱ ብቻ የምንጠራው፣ በ1759 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ገና ከመክፈቻው ያነሣው ይህን ነው፤ ወንድማችን ሲሠቃይ ሥቃዩ ወደ እኛ አካል አይገባም፣ ወደ እሱ የምናልፍበት ብቸኛ መንገድ ራሳችንን በእሱ ቦታ ማሰብ ነው። ዓይን ይህን አይሠራም። ርኅራኄ የሚጎድለን መረጃ ጎድሎን አይደለም፤ የምናውቀው ቁጥር በዝቶ፣ ቁጥሩን ወደ ሰው የሚመልሰው ሥራ ስለተተወ ነው። ጭካኔን የሚመክተው ሌላ የሚበልጥ ምናብ እንጂ የደረቀ እውነት ብቻ አይመስለኝም።

የዘመኑ ተቃውሞ ደግሞ ከማሽን ይመጣል። ኮምፒዩተር ግጥም ይጽፋል፣ ሥዕል ይሥላል፣ ታዲያ ምናብ የሰው ምልክት መሆኑ አልቀረም ወይ? ከላይ ስሙን ያነሣሁት ዴሚስ ሃሳቢስ የባሕር ዳርቻውን ጥናት ካሳተመ ከሦስት ዓመት በኋላ ዲፕማይንድ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ በ2024 ደግሞ የፕሮቲንን ቅርጽ በሚተነብይ ሥራው የኬሚስትሪ ኖቤልን ከተካፈሉት አንዱ ነው። ስለዚህ ማሽኑ አዲስ ነገር አያመጣም ብዬ አልከራከርም፣ ሲያመጣ ታይቷል። የምለው ሌላ ነው። የሄርቶ ሰዎች ቅሉን የያዙት ልጁ ስለ ጎደላቸው ነው፤ ገበሬው አዝመራውን የሚያየው ስለ ራበው ነው። ማሽኑ ግን የሚጎድለው ሰው የለም፣ ስለዚህ የሚሠራው ሥዕል የማንም ምትክ አይደለም። ጉድለቱ የእኛ ነው፤ እሱን ለማሽን አሳልፎ መስጠት አይቻልም፤ መርሳት ግን ይቻላል። እኔን የሚያሳስበኝ መርሳቱ ነው፣ የሚጀምረውም ትምህርት ቤት ነው። ልጁ እቃቃውን ጥሎ አንደኛ ክፍል ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚፈተነው በአብዛኛው ከአራት ምርጫ አንዱን በማጥቆር ነው። መልሱ ሁልጊዜ አስቀድሞ አለ። የሌለ ነገር አምጣ ተብሎ አይጠየቅም።

ምናብ አይማሩትም፣ ይዘውት ይወለዳሉ እንጂ የሚል ካለ ቅኔ ቤትን ይጠይቅ። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ ስማቸው የገነነው ያለውን በማሸምደድ ብቻ አይደለም። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ያጠናል፣ ያ የማይታለፍ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከሁለት ስንኙ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ስንኙ መወድስ በየደረጃው። ሰሙን በሚታይ ነገር ይሠራል፣ ወርቁን በማይታየው። ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሐሳቡ የሸፈተበትን፣ ቤቱ ያልመታበትን ነቅሰው ያርሙታል። ማለትም በዚህች አገር ምናብ ሰዓት፣ ደረጃና አራሚ ያለው ትምህርት ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመታት ተሰጥቷል። የዘመናዊው ትምህርት ቤት መምህራንና ፈተና አውጪዎች ከዚህ አንዲት ነገር እንዲወስዱ እጠይቃለሁ፤ በየሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ በየፈተናው አንድ ጥያቄ፣ መልሱ በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ። ማረም ይከብዳል የሚባለው እውነት ነው፤ ለየኔታም ይከብዳቸዋል። ቅኔ ቤት ውስጥ ግን ተማሪው ዛሬም የትናንቱን ቅኔ ወይም የጓደኛውን ይዞ ቢቀርብ ተቀባይነት የለውም።